የአምስተኛው ቀፎ መርዶ

ፊርማን ቬሳድ እርግብ ግንቡ ውስጥ ጭንቅላቱ ተፈልጦ በተገኘበት ጠዋት፣ ሮካልባን መንደር ውስጥ ገዳዩን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው ያውቃል፤ ቄሱ ያውቃሉ፤ ሬሳውን ያላየው ሁሉ ካየው ይበልጥ ያውቃል። ጣሊያኑ ነዋ! ሌላ ማን ሊሆን? እኛ የመንደሩ ሰዎች ስንሰዳደብ፣ በድንበር ስንካሰስ፣ አንዳችን የሌላውን ዶሮ በድንጋይ ስናባርር ኖረናል፤ ተገዳድለን ግን አናውቅም። ጣሊያኑ ኤቶሬ ደግሞ ከመጣ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ሙያው ድንጋይ ጠራቢነት ነው። የመጣውም ለክፉ ሥራ ነው፤ እርግብ ግንቡን ሊያፈርስ። መነኮሳት የሠሩት ክብ ግንብ ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ድንጋይ የለበሰ፣ ውስጡ ከላይ እስከ ታች የእርግብ ማደሪያ የተፈለፈለበት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ የምንኮራው በእሱ ነው። አንድ የከተማ ሀብታም አየውና ወደደው። ወደደውና፣ ድንጋይ በድንጋይ ፈትታችሁ አትክልት ቦታዬ ውስጥ ትከሉልኝ አለ። ፊርማን ግንቡ የአባቱ ውርስ ነውና እሺ አለ። ኤቶሬም መልሶ ሲገጥመው እንዳይሳሳት በየድንጋዩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጽፍ ጀመር። ያን ቁጥር ያየን ቀን፣ ልብሳችንን ገፍፈው አደባባይ ያቆሙን ነው የመሰለን። እንግዲህ ውሉ ነገ ሊፈረም፣ ፊርማን ዛሬ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የወደቀው መዶሻ የኤቶሬ ነው። ትናንት ሁለቱ ሲጯጯሁ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ታዲያ ምን ይጠበቃል?

ከንቲባው ኦክታቭ ሪጋልም አልጠበቀም። ጣሊያኑን ክንዱን ይዞ ወሰደና፣ ከገበያ አዳራሹ ግንብ ሥር ባለችው አሮጌ እስር ቤት ከተተው። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወደ ከተማ ስልክ ደወለ። የእስረኛ መኪና ማታ ላይ ይመጣል ተባለ። በዚያን ጊዜ በአገራችን ሰው የገደለ አንገቱ ይቆረጥ ነበር። የኤቶሬ ሚስት ጂና ይህን ታውቃለች። መጥታ እስር ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ ተነሺ ቢሏትም አልተነሳችም።

ከመኪናው በፊት የመጣው መርማሪ ሴቬሪን ኩዴርክ ነበር። አጭር ሰው ነው፤ ካፖርቱ የወንድሙ ይመስላል፣ ይሰፋዋል። ሲያዩት ላም ሊያክም የመጣ እንጂ ነፍሰ ገዳይ ሊይዝ የመጣ አይመስልም። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ።

«መጀመሪያ ያየው ማን ነው?»

«እህቱ ዩላሊ» አለ ኦክታቭ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ከፊርማን ጋር አብሮ ያደገ። ዓይኑ ከጠዋት ጀምሮ እንደቀላ ነው። «ጠዋት ለእርግቦቹ ጥሬ ልትበትን ስትገባ አገኘችው።»

«የሞተው ግን ትናንት ምሽት ላይ ነው፤ ደርቋል። እህቱ አልፈለገችውም?»

«ፊርማን ሁልጊዜ መጠጥ ቤት ያመሻል። እሷ ራቷን በልታ ትተኛለች። መዶሻው የጣሊያኑ ነው፤ እጀታው ላይ ምልክቱን አዩት?»

«አየሁት። የት ነበር የሚያስቀምጠው?»

«እዚሁ። ማታ ማታ መሣሪያውን ሁሉ እዚህ ጥሎ ነው የሚሄደው።»

«በሩ አይቆለፍም?»

«ሮካልባን ውስጥ ምን የሚቆለፍ ነገር አለ ጌታዬ?»

«እስር ቤቱ» አለ ኩዴርክ፤ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ወደ ጓሮ ወጣ።

ከግንቡ ጀርባ የንብ ግድግዳው አለ። እሱም የመነኮሳቱ ሥራ ነው፤ ረዥም የድንጋይ ግድግዳ ሆኖ በውስጡ አምስት ጎድጓዳ መስኮቶች አሉት። በየመስኮቱ አንድ የገለባ ቀፎ ተቀምጧል። አራቱ ቀፎዎች ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሯል፤ አምስተኛው፣ ዳር ላይ ያለው፣ ምንም አልታሰረበትም። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቀፎው ጌታ ሲሞት ንቦቹ መርዶ ካልተነገራቸው ወይ ጥለው ይሄዳሉ፣ ወይ ያልቃሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ሄዶ ቀፎውን ያንኳኳል፤ ጌታችሁ ሞቷል ይላቸዋል፤ የሐዘን ጨርቅ ያስርላቸዋል። ኩዴርክም የገጠር ልጅ ነው፣ ያውቀዋል። ፀሐይ ገና ያልደረሰበትን አንዱን ጨርቅ ይዞ ጨመቀው። ውኃው በጣቶቹ መካከል ወረደ።

አብሮት የነበረው ፖሊስ፣ «ሌሊቱን ከነፋስ ጋር ሲዘንብ ነው ያደረው» አለ። «ሊነጋ ሲል ነው ያባራው።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ጠብ ያለ የለም።»

ኩዴርክ እጁን በካፖርቱ ጠረገ። «ማንም ሰው ወደዚህ እንዳይቀርብ» አለ።

ዩላሊ ወጥ ቤት ተቀምጣ በአሮጌ ቀሚሷ ላይ ጥቁር ቁልፍ ትሰፋለች። እንባዋን ጨርሳ ወደ ቁጣ የተሻገረች ሴት ናት።

«ማዳም፣ ቀፎዎቹ ላይ ጨርቅ ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔማ ጨርቄን ይዤ ስወጣ ታስሮ አገኘሁት። ጎረቤት ቀደመኝ አልኩና፣ እግዜር ይስጠው ብዬ ተመለስኩ።»

«የትኛው ጎረቤት?»

«ምኑን አውቄ ልጄ! ዛሬ ቤቴ ያልገባ ሰው አለ እንዴ? ድመቷን ሳይቀር ረግጠዋት ነው የወጡት።»

«አምስተኛዋ ቀፎ ለምን ቀረች?»

«ጨርቅ አልቆባቸው ይሆናላ። በኋላ ለእሷም ላስርላት ብሄድ፣ ያ አፍንጫው የረዘመ ፖሊስህ አትቅረቢ አለኝ። በገዛ ጓሮዬ!»

«እሷም የወንድምዎ ናት?»

«ታዲያ የማን ልትሆን? የጳጳሱ? አምስቱም የፊርማን ናቸው። ያቺኛዋ ግን ክፉ ናት፤ ማሯን አንድ ቀን ቤት አስገብቶ አያውቅም። ነዳፊ ስለሆነች ባትነካ ይሻላል ይል ነበር።»

«ከሌሎቹ የሚያወጣውን ማርስ ለሰው ይሰጣል?»

ዩላሊ በሐዘኗ መሐል ሳቀች። «ፊርማን? የእህታችን ልጅ ሬሚ ጉሮሮው ቆስሎ አንድ ማንኪያ ብለምነው፣ ጉሮሮ በራሱ ይድናል ያለኝ ሰው! ወንድሜ ነው፣ ነፍሱን ይማረው፤ ግን ለሰው የሰጠው ነገር ቢኖር ጉንፋን ብቻ ነው።»

«ግንቡ እንዲሄድ ይፈልጉ ነበር?»

መርፌዋን አቆመች። «እዚያ ግንብ ሥር ነው የተወለድኩት። ፊርማንን በዚህ ነገር በምላሴ ልገድለው ብዙ ሞክሬያለሁ። መዶሻ ግን አላነሳሁም። ልትይዘኝ ከመጣህ ቁልፉን ሰፍቼ ልጨርስና እንሂድ።»

«ይጨርሱ ማዳም» አለ ኩዴርክ፤ ግን ወዲያው አልወጣም። እጆቿን እያየ ትንሽ ቆመ። ግንቡን አሁን የምትወርሰው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ አትሸጥም። መንደሩም ይህን ያውቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት አንዳንዶቻችን ጣሊያኑን እየረገምን በጎን ዩላሊንም በዓይናችን እንለካት ነበር።

ሬሚን ጓሮው ውስጥ ያለው የውኃ ጉድጓድ አፍ ላይ ተደግፎ አገኘው። ሬሚ ለሥራ ሲጠሩት የሚታመም፣ ለምሳ ሲጠሩት የሚድን ጎረምሳ ነው።

«ንቦቹን ያረዳሃቸው አንተ ነህ?»

«እኔ? ኧረ በማርያም! አንዴ ነድፈውኝ ፊቴ ዱባ አክሎ፣ እናቴ እንኳ ማን ልበል ብላኛለች። ከዚህ ጉድጓድ ወዲያ አላልፍም። ማንንም ጠይቅ።»

«አጎትህ እንዲሸጥ ትፈልግ ነበር?»

«እንዴታ! ሲሸጥ ትራክተር ሊገዛልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ክቡር መርማሪ፣ አስበው እስቲ፤ ልገድለው ብፈልግ ከነገ ወዲያ ነበር የምገድለው።»

ኩዴርክ ፈገግ አለ። «እንዲህ ያለ መከላከያ ሰምቼ አላውቅም። እሺ፣ ሂድ።»

እስር ቤቱ ደጃፍ ላይ ጂና አላሳልፍህ አለችው። ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ነህ መርማሪው?»

«እኔ ነኝ።»

«መኪናው ማታ ይመጣል አሉ። ከንቲባው ደግሞ ምሳ ጠርቶሃል አሉ። እስከ ማታ ታስባለህ ወይስ ትበላለህ?»

«ሁለቱንም» አለ ኩዴርክ። እሷም ጥቂት አየችውና ጉልበቷን ሰብስባ መንገድ ለቀቀችለት።

ኤቶሬ በበሩ የብረት ቀዳዳ በኩል ነው ያናገረው። ቋንቋችንን እየሰባበረ ነው የሚናገረው።

«ትናንት ከፊርማን ጋር ምን አጣላህ?»

«እሱ ጮኸ። እርግብ አስደነገጥክ አለ። እኔ ይቅርታ አልኩ። እንደገና ጮኸ። እሱ ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ከዚያ በነጋታው ሥራ።»

«ቀፎዎቹ ላይ ጥቁር ጨርቅ አይተሃል?»

«ጠዋት ሲያመጡኝ አየሁ። ወፍ ማባረሪያ ነው?»

ኩዴርክ ፊቱን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ። «በእናንተ መንደር ጌታው ሲሞት ለንቡ አይነገርም?»

«ለንብ?» አለ ኤቶሬ፤ እየቀለደበት መስሎት ከቀዳዳው ወደ ኋላ ራቀ። «ጌታዬ፣ እኔ ልሞት ነው፤ አንተ ስለ ንብ ትጠይቀኛለህ?»

ከንቲባው ቤት ምሳው ቀርቦ ጠበቀው፤ ዳቦ፣ የፍየል አይብ፣ የአሳማ ሥጋ፣ በሸክላ ማሰሮ ደግሞ ጥቁር ማር። ኦክታቭ ራሱ አይነካም፤ ይቆርሳል፣ ያቀርባል፣ ይቀዳል። ኩዴርክ ከማሩ በዳቦ ጠቅሶ ቀመሰ፤ ደገመ።

«ግሩም ነው። ንብ አለዎት?»

«እኔ? የለኝም። ሟች ባለቤቴ ንብ እዚህ ግቢ ከገባ እኔ እወጣለሁ ያለች ሴት ነበረች። ቀልዷን አልነበረም፤ ሻንጣዋን ሁሉ አውርዳ ነበር። ይህን ፊርማን ነው የሰጠኝ።»

«ደግ ሰው ነበር ማለት ነው።»

«ለጓደኛ ደግ ነበር» አለ ኦክታቭ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። እንባው ውሸት አልነበረም። ኩዴርክን ያስቸገረውም ይኸው ነው። «እባክዎ፣ ነገሩን አያስረዝሙት። ሕዝቡ ተቆጥቷል። ጣሊያኑ በመኪናው ይሂድ፤ እኛም ሬሳችንን እንቅበር።»

«መኪናው ከመምጣቱ በፊት ሁላችሁንም ንብ ግድግዳው ጋ እፈልጋለሁ። ያኔ ያልቃል።»

«ሁላችሁንም ማለት?»

«እርስዎን፣ ማዳም ዩላሊን፣ ሬሚን። የጣሊያኑ ሚስትም ትምጣ።»

«እሷ ምን ታደርጋለች?»

«ትሰማለች» አለ ኩዴርክ፤ አፉን ጠረገና ተነሣ።

አራት ሰው ተጠርቶ መንደሩ ሁሉ መጣ። ፖሊሱ ቢከለክልም አጥር ላይ የወጣ አለ። ፀሐዩ ከመንደሩ ጀርባ ወዳለው ገደል አዘንብሏል፤ ንቦቹ ወደየቀፏቸው ይገባሉ። ሬሚ እንደ ልማዱ ጉድጓዱ ጋ ቀረ። ኩዴርክ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆመ።

«ጨርቁን ያሰረ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። «ያሰረ እኔ ነኝ ይበል። መርዶ መናገር ወንጀል አይደለም፤ እንዲያውም ጨዋነት ነው።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ማንም እጁን አላነሳም።

«እንግዳ ነገር አይደለም? ማዳም ዩላሊ ጎረቤት ነው አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ማዳም ዩላሊ ናት ብሎ ዝም አለ። እኔ ግን ጠዋት ጨርቁን ስጨምቀው ውኃ ወጣው። ዝናቡ ያባራው ሊነጋ ሲል ነው። ማዳም ዩላሊ ሬሳውን ያገኙት ከነጋ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን ጨርቅ ያሰረው ሰው ዝናቡ ሳያባራ፣ እናንተ ሁላችሁ ተኝታችሁ ሳለ፣ ፊርማን መሞቱን ያውቅ ነበር።»

አጥሩ ላይ የነበሩት ወረዱ።

«ጣሊያኑ ነዋ!» አለ ኦክታቭ። «ገደለው፤ ከዚያ አሰረው።»

«ጣሊያኑ ጨርቁን ወፍ ማባረሪያ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።»

«እያስመሰለ ቢሆንስ?»

«ይሆናል። ግን የእናንተን ልማድ ሰምቶ ለማስመሰል የሚያስር ሰው አምስቱንም ያስራል። ሬሚ ደግሞ እዚያ ጉድጓድ ጋ ቆሟል፤ እዩት፣ ዛሬ እንኳ አልቀረበም። ማዳም ዩላሊ አምስቱም የወንድሜ ናቸው ብለው ያምናሉ፤ ቢያስሩ ለአምስቱም ነበር። ይህ ሰው ግን አራቱን አስሮ አምስተኛዋን ተዋት። ለምን? ንብ መርዶ የሚነገረው ጌታው ሲሞት ነው። አምስተኛዋን ያላረዳት ጌታዋ በሕይወት ስላለ ነው። ይህን ከፊርማን ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጌታዋ ራሱ።»

«ፊርማን ግድግዳውን ለሰው አይሰጥም» አለች ዩላሊ።

«ማሩንም አይሰጥም ብለውኛል ማዳም። የዚህችን ቀፎ ማር ደግሞ ቤትዎ አስገብቶ አያውቅም። ታዲያ ማሯ የት ይሄድ ነበር? እኔ ዛሬ ምሳ ላይ ጥሩ ማር በላሁ፤ ንብ የለኝም ካለ ሰው ቤት፤ ፊርማን ሰጠኝ ካለ ሰው ቤት።»

ሁላችንም ወደ ኦክታቭ ዞርን። እሱ ሳቅ ብሎ፣ «በአንድ ማሰሮ ማር ነው የምትከሰኝ?» አለ። እርስዎ ማለቱን ረስቶታል።

«አይደለም። በማርማ ልከስዎ አልችልም። ልሳሳትም እችላለሁ።» ኩዴርክ ወደ ዩላሊ ዞረ። «ማዳም፣ ጠዋት ፖሊሴ ከልክሎዎታል። ይቅርታ። አምስተኛዋም የወንድምዎ ከሆነች መርዶዋን ይንገሯት።»

ዩላሊ ከኪሷ ጥቁር ጨርቋን አወጣች። ወደ ዳሩ ቀፎ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ በጣቷ አንኳኳች። ውስጥ ያሉት ንቦች ጉምጉም አሉ። ጨርቁን ዘረጋችና አፏን ከፈተች። «እናንተ ንቦች፣ ጌታችሁ ሞ...»

«ተይ!»

ኦክታቭ ነው። ያ ትልቅ ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ሁለት ሰው ገፍትሮ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ተይ ዩላሊ፣ ያቺን አታርጃት! በቁሜ ልትገድይኝ ነው?»

በሕይወት ያለ ሰው ቀፎ ላይ የሐዘን ጨርቅ ማሰር ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ይህን እኛ ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው። ኦክታቭም የእኛው ነው።

«አንተ?» አለች ዩላሊ፤ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። «ኦክታቭ፣ አንተ?»

«የንቡን መንጋ አብረን ነው የያዝነው» አለ ኦክታቭ፤ የሚያናግረው እሷን ብቻ ነበር። «ሁለታችንም ገና ጎረምሶች ሳለን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ዛፍ ላይ። ኋላ ሳገባ፣ ሚስቴ እንደማትፈቅድ ሲያውቅ፣ እኔ ጋ ይቀመጡልህ፣ ለማንም አልነግርም አለኝ። ትናንት ምሽት ልለምነው ነው የሄድኩት። ነገ አትፈርም፣ ይህን ግንብ ካጣን ምን ቀረን አልኩት። ሳቀብኝ። ድንጋይ ድንጋይ ነው አለ። ንቦችህንም ውሰድ፣ የንብ ግድግዳውም አብሮ ይሄዳል አለ። መዶሻው እዚያው ነበር። ማንሳቴን አላውቅም፤ የፊርማንን መውደቅ ብቻ ነው ያየሁት።»

«ከዚያ ጨርቅ ሊያመጡ ሄዱ» አለ ኩዴርክ በቀስታ።

«ቤት ሄጄ የሚስቴን ጥቁር ሻርፕ ቀደድኩ። መመለስ አልነበረብኝም። ግን ጌታቸው እዚያ ወድቆ እነሱ ሳያውቁ ሊያድሩ? አልሆነልኝም። እያንዳንዳቸውን አንኳኩቼ ነገርኳቸው።»

ጂና እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችም። መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ደረቱ ላይ ነው የምትደርሰው።

«ለንቦቹ አዘንክ» አለችው። «ለባሌስ?»

ኦክታቭ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። እኛም አጠገቡ የቆምነው ሁሉ መሬት መሬት እናይ ነበር፤ ጥያቄው ለእሱ ብቻ አልነበረምና።

ኩዴርክ እጁን ዘረጋ። «የእስር ቤቱን ቁልፍ ይስጡኝ።»

«እኔ ልክፈተው» አለ ኦክታቭ። «የቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

ኩዴርክ አሰበና እሺ አለ። በገበያ አዳራሹ ሥር አለፍን፤ ኦክታቭ ከፊት፣ ኩዴርክ ክንዱን ይዞ ከጎኑ፣ ጂና ከኋላ፣ ከዚያ መንደሩ። ቁልፉ ዝጓልና ኦክታቭ ሁለቴ ሞክሮ ነው የከፈተው። ኤቶሬ በሩ ሲከፈት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«መኪናው መጣ?»

«ገና ነው» አለ ኦክታቭ። «ሲመጣ ግን ለእኔ ነው። ውጣ።»

ኤቶሬ አልገባውም። ጂና በኦክታቭ ክንድ ሥር አልፋ ገባች፤ ባሏን እጅጌውን ይዛ ጎትታ አወጣችው። ዳቦ ጋጋሪው ባርኔጣውን አነሣ፤ ቄሱ አንድ ነገር ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሷ ማናቸውንም አላየችም። ሁለቱ በመሐላችን አልፈው፣ እኛ ግራና ቀኝ እየተገፋን መንገድ እየለቀቅንላቸው፣ ቁልቁል ወረዱ።

ኦክታቭ ዞር ብሎ አንዴ ወደ እርግብ ግንቡ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በዚያች ጠባብ በር ገባ፤ ኩዴርክ እጁን ወደ በሩ ሳይሰድ፣ ኦክታቭ በሩን ከውስጥ ራሱ ሳበው።